«ቀደር ነው» ብሎ መዝገብ መዝጋት ይቻላልን?

 



ከጥቂት ወራት በፊት በሰፈራችን አንዲት እህታችን ሞተች። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነበር። መርካቶ ጨርቅ ትነግዳለች፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። በልጅነቷ እየተመላለሰ ያማት የነበረው የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ በፔኒሲሊን ሳይታከም በመቅረቱ የልቧን ቫልቭ አበላሽቶት ኖሯል። ደረጃ መውጣት ሲያቅታት፣ ሌሊቱንም ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ማደር ስትጀምር ሐኪሞች ቫልቩ በሰው ሠራሽ መለወጥ እንዳለበት ተናገሩ። ቀዶ ሕክምናው ተካሄደ፤ ተሳክቷል ተባለ። ቤተሰቡ ተደሰተ፤ ሰደቃም ወጣ። በሁለተኛው ሌሊት፣ ለሱብሒ ሰላት ጥቂት ሲቀረው ሞተች። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልጠቅስም፤ ጉዳዬ ከአንድ ሆስፒታል ጋር አይደለም።

ሐኪሙ ወጥተው «የተቻለንን አድርገናል፤ የአላህ ውሳኔ ነው» አሉ። ቤተሰቡም «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብሎ ጀናዛዋን ተረከበ፤ ከዙህር በኋላም ተቀበረች።

በሦስተኛው ቀን ለተዕዚያ ተቀምጠን ሳለ ወንድሟ ድንገት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ አለ፦ «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስጠይቅ ደህና ናት፣ ደረቷ ላይ ካለው ቱቦ ይወርድ የነበረው ደምም ቆሟል አሉኝ። እኔም አልሐምዱሊላህ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ታዲያ ሌሊቱን ምን ሆነች?» ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያም ከየአቅጣጫው «አስተግፊሩላህ በል! ቀደርን ልትቃወም ነው እንዴ?» የሚል ተግሣጽ ወረደበት። አንድ አዛውንት ሐጂ ደግሞ በለሰለሰ አንደበት «ልጄ፣ ‹እንዲህ ቢሆን ኖሮ› ማለት የሸይጧንን በር ይከፍታል፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከልክለውናል» አሉት። አንገቱን ደፋ። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት ነሥቶኛል።

እኔ ሐኪምም ዓሊምም አይደለሁም። ሆኖም ያ ሰው የጠየቀው ጥያቄ የሁላችንም ነው። በቀደር ማመን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ምን እንደተፈጸመ ከመጠየቅ ይከለክላልን? እንደኔ አስተያየት አይከለክልም። እንዲያውም ጥያቄውን ማፈን ነው ቀደርን ያለ ቦታው ማዋል።

በቅድሚያ ለሐኪሞች ፍትሐዊ እንሁን። ልብን ከፍቶ መጠገን የሰው ልጅ ከጀመራቸው ሥራዎች ሁሉ እጅግ አዲስና አስፈሪ ከሆኑት አንዱ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ጊቦን ከሃያ ዓመት ያላነሰ የደከመበትን የልብና የሳንባ ማሽን ተጠቅሞ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1953 ፊላዴልፊያ ውስጥ የአንዲት የ18 ዓመት ወጣትን ልብ በተሳካ ሁኔታ ጠገነ። ዓለም ይህንን ያስታውሳል። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ግን በዚያው ዓመት በማሽኑ የታከሙ ሁለት ሕፃናት እንደሞቱበትና ጊቦንም ሥራውን ማቆሙን ነው። ዳግመኛም ወደ ልብ ቀዶ ሕክምና አልተመለሰም። ሌሎች ግን ቀጠሉበት፤ ዛሬ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሰው በዚሁ መንገድ ይድናል። በሀገራችንም ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ለሃያ ዓመታት ያህል ሕፃናትን ወደ ውጭ ሲያሳክም ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ሊከፈት በቅቷል። ተራ የሚጠብቁት አሁንም በሺዎች ናቸው።

እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና ደረትን ከመሐል ሰንጥቆ፣ ልብን አቁሞ፣ ደሙ በማሽን ውስጥ እንዳይረጋ በመድኃኒት አቅጥኖ የሚሠራ ነው። በመሆኑም ሐኪሙ ምንም ሳይሳሳት ጣጣ ሊከተል ይችላል። ሐኪሞች ኮምፕሊኬሽን ይሉታል። ከሦስት ወይም ከአራት ታካሚዎች አንዱ ያህል በመጀመሪያዎቹ ቀናት የልብ ምቱ ይዘበራረቅበታል። ጥቂቶች ወደ አንጎል በሄደ የረጋ ደም ምክንያት ሽባ ይሆናሉ፤ ኩላሊታቸው ሥራ የሚያቆምም፣ የተሰነጠቀው የደረት አጥንት የሚያመረቅዝባቸውም አሉ። ሳንባው የተቀደደ ወይም በከፊል የተቆረጠ ሰው ደግሞ አየር በቱቦው እየሾለከበት ለሳምንታት ሊተኛ ይችላል። ስለዚህ «ታካሚው ተጎዳ፣ ሐኪሙ አጠፋ» ብሎ መደምደም ግፍ ነው። ኢብኑል ቀዪም (በ751 ዓ.ሂ. የሞቱት) ዛዱል መዓድ በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ሐኪም ተጠያቂነት ሲያብራሩ፣ ሙያውን የሚያውቅ ሐኪም ተፈቅዶለት፣ የሥራውን ሐቅ ሁሉ ፈጽሞ፣ እጁም ሳይስት ከሥራው ጉዳት ቢደርስ ተጠያቂ እንደማይሆን አስፍረዋል። ዕውቀቱ ሳይኖረው ሐኪም ነኝ ያለ ሰው ግን ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑ አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ላይ ተመልክቷል።

እንግዲህ ነገሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። ጣጣው መምጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ከመጣ በኋላ ማን አየው፣ መቼ አየው፣ ምን አደረገ የሚለው ሌላ ነገር ነው።

ወንድሟ ያነሳውን የቱቦ ነገር እንመልከት። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ደረት ውስጥ ቱቦዎች የሚቀመጡት የሚንጠባጠበው ደም በልብ ዙሪያ እንዳይጠራቀም ነው። በጠርሙሱ ውስጥ የሚወርደው ደም በየሰዓቱ ይለካል፤ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ከሄደ መልካም ነው። ብዙ ሲወርድ የነበረው በድንገት ቀጥ ካለ ግን ሁለት ትርጉም ይኖረዋል፤ ወይ መድማቱ ቆሟል፣ ወይ ቱቦው በረጋ ደም ተደፍኗል። በሁለተኛው ጊዜ ደሙ መውጫ አጥቶ ልብን ከውጭ ይጨፈልቃታል። ልብ ደም መሙላት ያቅታታል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ምቱ ይፈጥናል፣ ሽንት ይቀንሳል። መድኃኒቱ ደረትን ሳይዘገዩ እንደገና ከፍቶ ደሙን ማውጣት ነው፤ አስፈላጊ ሲሆን እዚያው አልጋው ላይ። ጠያቂ ዘመድ በመስተዋት በኩል ጠርሙሱን አይቶ «አልሐምዱሊላህ ቆመ» የሚልበት ሰዓት፣ ለሠለጠነች ነርስ ሐኪሙን ከእንቅልፉ የምትቀሰቅስበት ሰዓት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እህታችን በዚህ ሞተች አላልኩም። በምን እንደሞተች የነገረን የለም። የምለው፣ የወንድሟ ጥያቄ የጠገበ ሰው ቅብጠት ሳይሆን አንድ የሙያው ሰው በዚያ ጠዋት መጀመሪያ ሊያነሳው የሚገባ ጥያቄ ነበር።

ይህ የኔ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ አሜሪካ ውስጥ በ84,730 የጠቅላላና የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ልጥቀስ። ብዙ ሰው የሚሞትባቸውና ጥቂት ሰው የሚሞትባቸው ሆስፒታሎች ሲነጻጸሩ የሚከተሉት ጣጣዎች ብዛት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፤ ከመቶ 27 እና 25 ያህል። የሚለያዩት ከባድ ጣጣ ከደረሰበት በኋላ በሚሞተው ሰው ብዛት ነው። በአንዱ ወገን ከመቶ 21፣ በሌላው ወገን 12 ወይም 13። ጥናቱ በልብ ቀዶ ሕክምና ላይ ባይሆንም የሚያሳየው ግልጽ ነው። ደሙ፣ ኢንፌክሽኑና የልብ ምት መዛባቱ ሁለቱንም ቤት ያንኳኳሉ፤ የሚለያየው በሌሊት ነቅቶ የሚጠብቀው ሰው ነው። ታዲያ ይህንን ልዩነት «ቀደር» በሚል አንድ ቃል እንሸፍነው?

«ሁሉም በአላህ ውሳኔ ነው» የሚል ወንድም ይኖራል። አዎን፣ ሁሉም በአላህ ውሳኔ ነው፤ በዚህ አንጠራጠርም። ግን ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 92 ላይ ሰውን በስሕተት ስለ ገደለ ሰው ምን ይላል? በስሕተት የሞተው ሰው አጀሉ ደርሶ ነው የሞተው። ገዳዩም አላሰበበትም። ይህም ሆኖ አላህ (ሱ.ወ.) ለሟች ቤተሰብ የደም ካሳ እንዲከፈል፣ ባሪያም ነጻ እንዲወጣ አዘዘ። ቀደር ሒሳብን የሚዘጋ ቢሆን ኖሮ ይህ አንቀጽ ለምን አስፈለገ? ቀደር ለሐዘንተኛው ልብ መጽናኛ ሆኖ የተሰጠ ነው። የአጥፊው መከለያ ሆኖ አልተሰጠም። ያንን ቃል መናገር የሚገባው ወንድሟ ራሱ ነበር፤ ከሐኪሙ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ቀደምቶቻችን ይህንን መለየት ያውቁበት ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) የኖሩት ዐብዱረሕማን አሽ-ሸይዘሪ ለገበያ ተቆጣጣሪዎች፣ ለሙሕተሲቦች፣ በጻፉት መጽሐፍ ከጥንት ግሪኮች የተወረሰ አንድ ደንብ ያወሳሉ። ሐኪም በታካሚው ያየውን ምልክትና ያዘዘውን መድኃኒት እየጻፈ ቅጂውን ለቤተሰቡ ይሰጣል። ታካሚው ቢሞት ቤተሰቡ ወረቀቶቹን ይዞ ወደ ሐኪሞቹ አለቃ ይቀርባል። አለቃው መርምሮ ሥራው ያለ ጉድለት የተሠራ ሆኖ ካገኘው ይህንኑ ለቤተሰቡ ይነግራቸዋል። ጉድለት ካገኘበት ደግሞ የዘመዳችሁን የደም ካሳ ከሐኪሙ ተቀበሉ ይላቸዋል። ልብ በሉ፣ ጉድለት አልነበረም የሚለው ቃል የሚነገረው ወረቀቱ ከተነበበ በኋላ ነው። የሚናገረውም ያከመው ሐኪም አይደለም። እኛ ግን ቃሉን ከምርመራው አስቀድመን፣ ምርመራውን ጨርሶ ተውነው።

የሐጂው ምክርስ? ያወሱት ሐዲስ በሙስሊም ዘገባ የሚገኝ ትልቅ ሐዲስ ነው። ነገር ግን ሐዲሱ የሚጀምረው ለሚጠቅምህ ነገር ጉጉ ሁን፣ በአላህ ታገዝ፣ አትስነፍ በሚል ትእዛዝ ነው። የተከለከለው የማይመለሰውን እያሰቡ ራስን መብላት ነው። ነገ በዚያው አልጋ ላይ የምትተኛው ሌላዋ እናት እንዳትጎዳ ዛሬ የሆነውን መመርመር ግን ያው ለሚጠቅም ነገር መጓጓት ነው። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወረርሽኝ ወዳለበት የሻም አገር አልገባም ብለው ሲመለሱ ከአላህ ውሳኔ ይሸሻሉን ተብለው ተጠይቀው ነበር። ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሄዱ ነው የመለሱት። ዝርዝሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ምርመራ ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅም ቢሆን የእንግሊዟን የብሪስቶል ከተማ ማስታወስ ይበቃል። በከተማዋ ሮያል ኢንፈርመሪ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ሕፃናት ከሌላው ቦታ በላይ ይሞቱ ነበር። ስቲቨን ቦልሲን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1988 እዚያ ተቀጥሮ ሲሠራ ቀዶ ሕክምናው ከሚገባው በላይ እንደሚረዝም፣ ሕፃናቱም እንደሚሞቱ አየ። ቁጥር መሰብሰብ ጀመረ፤ ለአለቆቹም አመለከተ። ለዓመታት ሰሚ አላገኘም። በመጨረሻ ጉዳዩ ለሕዝብ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነው የፕሮፌሰር ኢያን ኬኔዲ አጣሪ ጉባኤ ሪፖርት ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ብቻ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ከ30 እስከ 35 ሕፃናት ከሚጠበቀው በላይ መሞታቸውን አረጋገጠ። ቦልሲን አገሩን ለቆ አውስትራሊያ ሄዶ ሠራ። እያንዳንዱ ሞት ለብቻው ሲታይ «ከባድ ሕመም ነበረበት» የሚያሰኝ ነበር፤ ጥፋቱ የታየው ሲቆጠር ብቻ ነው። ለመቁጠር ደግሞ አንድ ሰው መጠየቅ ነበረበት።

አሁን ጣቴን ወደ ራሳችን ልመልስ፤ የደበቀው ሐኪሙ ብቻ አይደለምና።

እህታችን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስትገባ ልትሞት እንደምትችል አታውቅም ነበር። ቤተሰቡ ሐኪሞቹን «እባካችሁ አታስደንግጧት» ብሎ ለምኖ፣ «ጥቂት ቀን ተኝተሽ ትወጫለሽ» ብሏታል። የስምምነቱን ወረቀት የፈረመው ወንድሟ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር፤ አላነበበውም። አእምሮዋ ሙሉ የሆነ፣ በራሷ ገንዘብ የምትነግድ ሴት የገዛ ደረቷ ሲሰነጠቅ አልተጠየቀችም። ከቀብሯ በኋላ ጨርቅ በዱቤ የሰጧት ነጋዴዎች መጡ፤ እርሷ በቃል ያበደረቻቸው ደግሞ ጠፉ። የሒሳብ ደብተሯ አልተገኘም። ከጎረቤት ጋር የተኳረፈችበት ነገር ነበር፤ ዐፉ ሳትባባል ሄደች። ወሲያ የሚያደርግበት ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደሌለበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩን እንደሆነ እያወቅን፣ ያንን ዕድል በፍቅር ስም ነጠቅናት። እኔም ከነጣቂዎቹ አንዱ ነኝ፤ ሊጠይቋት ከሄዱት ጋር «ምንም አይደለም» ብያታለሁ።

ብትድንም ኖሮ የሚጠብቃትን አታውቅም ነበር። ከብረት የተሠራ ቫልቭ የገባለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መዋጥ፣ ደሙንም በየጊዜው መለካት አለበት። መድኃኒቱን ተሽሎኛል ብሎ ወይም በጾም ምክንያት በራሱ ፈቃድ ያቋረጠ ሰው ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋበት ይችላል (መድኃኒቱ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ በመሆኑ ማታ ካፈጠሩ በኋላ ስለ መዋጥ ሐኪምን ማማከር ይቻላል)። መድኃኒቱ በእርግዝና ጊዜ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል። ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው ቫልቭ ይህ ሁሉ የለበትም፤ ነገር ግን በወጣቶች ላይ ቶሎ ስለሚያረጅ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስከትላል። ገና መውለድ የምትችል ሴት ከሁለቱ የትኛውን ትመርጥ? ይህ የባሏም የወንድሟም የሐኪሟም ጥያቄ ከመሆኑ በፊት የርሷ ጥያቄ ነው። እውነቱ ካልተነገራት ግን ምርጫ የላትም።

ሐኪሞች የሚያነሱት መከራከሪያ አለ፤ ቀላልም አይደለም። «ለእያንዳንዱ ሞት የምንከሰስ ከሆነ የከፋውን ሕመምተኛ ማን ይነካዋል?» ይላሉ። ኒውዮርክ ውስጥ ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የልብ ቀዶ ሕክምና ውጤት ለሕዝብ ይፋ መሆን ሲጀምር ሐኪሞች አደጋው የበዛበትን ታካሚ ይሸሻሉ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። በሀገራችን ደግሞ የልብ ቀዶ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነው። አንዲት ነርስ የስንቱን ጠርሙስ ትለካለች? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2031 የባለሙያ ጥፋትን ይጠይቃል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ሰው ወደ ፍርድ ቤት እንዲሮጥ እየቀሰቀስኩ አይደለም። ያ ወንድም የጠየቀው ገንዘብ አልነበረም። የጠየቀው «ሌሊቱን ምን ሆነች?» ብሎ ነው። በሌሊቱ የነበረው አንድ ነርስ ብቻ ከሆነ፣ «አንድ ነርስ ነበረች፣ ሰባት ሕሙማን ነበሩ፣ ሳናየው ቀረን» ተብሎ ይነገረው። ይህን መስማት ያማል፤ ነገር ግን ነርስ እንዲጨመር የሚጮኽ አንድ ሰው ከሐኪሞቹ ጎን ይቆማል ማለት ነው። በተደበቀ ቁጥር የሚጎዱት ራሳቸው ሐኪሞቹ ናቸው።

ደግሞም ከላይ ያወሳሁት የአን-ኒሳእ አንቀጽ ካሳውን ካዘዘ በኋላ ቤተሰቡ በምጽዋት መልክ ሊተወው እንደሚችል ይጠቅሳል። ብዙዎቻችን እንተወው ነበር። ሕዝባችን ለይቅርታ ቅርብ ነው፤ ለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ለቆመ ሐኪም ይቅር የማይል ማን አለ? ነገር ግን ሰው ይቅር የሚለው የሚያውቀውን ነው። ምን እንደተፈጸመ ሳይነገረው «አዉፍ» የሚል ሰው ምኑን ነው የተወው? ሐኪሙም ሳይናገር ይቅርታ አያገኝም፤ ያንን ሌሊት ለብቻው ተሸክሞት ይኖራል።

ባለፈው ሳምንት ወንድሟን መስጊድ በር ላይ አገኘሁትና በተዕዚያው ቀን ዝም በማለቴ ዐፉ በለኝ አልኩት። አብረን ደብዳቤ ጻፍን። ክስ አይደለም፤ የእህቱ የሕክምና መዝገብ እንዲነበብለትና የዚያን ሌሊት የቱቦ ልኬት እንዲነገረው የሚጠይቅ አንድ ገጽ ነው። ጸሐፊዋ ተቀብላ ማኅተም አደረገችበት። ለመጪው ማክሰኞ ጠዋት ቀጥረውታል፤ እኔም አብሬው እሄዳለሁ።